ሹክሹክታ የሚያጎላ ዕቃ ፍለጋ

ጊታር መጫወት የጀመርኩት ሰው እንዲሰማኝ ነው። ይህን ደፍሬ መናገር የቻልኩት አሁን፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ድሮ ቢሆን "ለነፍሴ ነው የምጫወተው" እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ውሸቴን ነው። ለነፍሴ ቢሆን ኖሮ በሬን ዘግቼ እጫወት ነበር። እኔ ግን ሚዛን ተፈሪ ከተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየኝ በኩል ወንበሬን አዙሬ ነው የምቀመጠው። ታዲያ በእኛ ከተማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር እንኳን ጊታር፣ ጎረቤት ሲጣላም አይሰማም። መንገደኛው ጣቶቼ ሲርመሰመሱ ያያል፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ግራ ይገባዋል፣ ለትሕትና ያህል ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እኔ ደግሞ አድናቆት መስሎኝ ደስ ብሎኝ አመሻለሁ።

ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ሚስቴ አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ አማን ላይ፣ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አላት። የነጋዴ ልጅ ናት፤ ጨርቅ በጣቷ አሸት አድርጋ ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ ትነግርሃለች። ዕቃ መምረጥ ላይ የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ትላለች፤ ያን ስትል እኔን እያየች ነው።

በባትሪ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ የመግዛት ሐሳብ ለዓመታት በልቤ ነበር። መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ፣ ወንዝ ዳር፣ ሣር ላይ፣ ደስ ያለኝ ቦታ ይዤው ሄጄ የምጫወትበት። ስልኬ ላይ ስለ ዋት፣ ስለ ባትሪ ዕድሜ፣ ስለ ክብደት ያላነበብኩት የለም። ያነበብኩትን ደግሞ ለሚስቴ ራት ላይ አስተምራታለሁ። እሷ ወጡን እያወጣች እሺ፣ እሺ ትለኝና መጨረሻ ላይ ዝናብ ይችላል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ስለ ዝናብ አላነበብኩም።

ነገሩ የምር የሆነው ታላቅ ወንድሜ ሲደውል ነው። ወንድሜ ቴፒ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ቡና ያመርታል። ወላጆቻችን ቀድመው ስላለፉ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ ድምፅ ነበረው። ወንዝ ማዶ ያለ ቡና ለቃሚ ወዲህ ሆኖ ይጠራል። ጦጣ ከበቆሎ የሚያባርረው በወንጭፍ ሳይሆን በጉሮሮው ነበር። "ና ብላ" ሲል እንኳ የተሰደብክ ይመስልሃል። እኔንም፣ ልጆቹንም፣ በሬዎቹንም በአንድ ድምፅ ነው ያሳደገን። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ድምፅ አልተፈጠረለትም ብለን ተቀብለነው ነበር የኖርነው።

ከዚያ እንቅርቱ ባሰበት። ለዓመታት አንገቱ ላይ ይዞት ሲዞር ኖሮ፣ መተንፈስ ሲከለክለው ቀዶ ሕክምና ገባ። ሐኪሞቹ ድምፅህ ሊጎዳ ይችላል ብለው አስቀድመው ነግረውታል፤ ታንቄ ከምሞት ይሻላል ብሎ ፈቀደ። ዳነ። ድምፁ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ከሕክምናው በኋላ መጀመሪያ የደወለልኝ ቀን ኔትወርክ መስሎኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻዋ ሴት ልጁ ልታገባ ሆነ። በእኛ ወግ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባቷ ዳስ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ቆሞ ይመርቃታል፤ እሱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ሰው አሜን ይላል። አሜኑ ከሌለ ምርቃቱ እንደተሰጠ አይቆጠርም። የጋሼ ሚስት አጎት የቤተሰቡ አንጋፋ ናቸው፤ ነገር ከቆረጡ በኋላ መላሽ የማይወዱ ሽማግሌ። እሳቸው ናቸው ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ በሹክሹክታ መመረቅ አይሆንም ብለው የፈረዱት። ያልተሰማ ምርቃት አሜን አይባልለትም፣ ታናሽ ወንድምየው ይመርቅለት አሉ።

ታናሽ ወንድምየው እኔ ነኝ። እንኳን ሙሽራ ልመርቅ፣ ክፍል ውስጥ ስቆጣ እንኳ ተማሪ ይስቅብኛል።

ጋሼ ይህን በሰማ ማግስት ደወለ። ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም።

"ልጄን የምመርቃት ራሴ ነኝ" አለኝ። "ያ ጊታርህን የምታስጮህበት ዕቃ አለህ አይደል? ይዘህልኝ ና።"

አለኝ አልኩት። አልነበረኝም። በዓል ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለዚህ ዕቃ ስፎክር ስለሚሰማኝ፣ ገዝቶታል ብሎ ማሰቡ አይፈረድበትም። ስልኩን ስዘጋ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንዱ ጭንቀት ነው፤ እሱ ካልተሰማ፣ በልጁ ሠርግ ላይ ቁጭ ብሎ እኔ ስመርቅለት ሊያይ ነው። ሌላው ግን፣ ምን ልዋሽ፣ ደስታ ነው። ዕቃውን የምገዛበት ምክንያት ተገኘ። የወንድሜን ጭንቀት ለራሴ ሠርግና ምላሽ አደረግሁት።

ምርጫው በትንሹ ተጀመረ። የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ያመጣት፣ ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል፣ የሻይ ብርጭቆ የምታክል አንዲት ማጉያ አለችው። አውሰኝ ብዬ ወሰድኳትና ጓሮ ሄጄ ሞከርኳት። ወገቤ ላይ አንጠልጥያት ስጫወት የሚሰማኝ ወገቤን ብቻ ነበር። ድምፅዋ ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ነው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ ብላ ስልክህ እየጠራ ነው አለችኝ። የዚያኑ ዕለት መለስኳት።

ቅዳሜ ከሚስቴ ጋር ሚዛን አስፋልቱ ዳር ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ጊታሬን በጀርባዬ አዝያለሁ። እዚያ አየኋት። ቡናማ፣ ፊቷ በጨርቅ የተለበጠ፣ ቁልፎቿ በመስመር የተደረደሩ፣ የምር የጊታር ማጉያ፤ ባትሪዋ ውስጧ ነው። ሰክቼ አንድ ጊዜ ክሩን ስነካው ከራሴ ጋር ፍቅር ያዘኝ። እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ አልኩ። ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ስህተቴን እንኳ ሆን ብዬ ያደረግሁት የሚያስመስል ድምፅ ነው ያላት። ትዝታ ቅኝት ውስጥ ገባሁና ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ስገልጥ ሚስቴ እኔን ትታ ሱቁ ጥግ ያለ ሌላ ዕቃ እየዞረች ታያለች።

ያ ዕቃ ገና ሳየው አስጠላኝ። ቁመቱ ጉልበት ያልፋል፣ ከታች ሁለት ጎማ፣ ከላይ እንደ ሻንጣ የሚሳብ እጀታ አለው፤ ሲበራ ፊቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሽከረከራል። ከገመድ አልባ ማይክ ጋር ነው የሚሸጠው። ገበያ ቀን የአይጥ መርዝና የትኋን መድኃኒት የሚሸጡ ሰዎች እየጎተቱ የሚለፍፉበት ዕቃ ነው፤ ሚዛን ውስጥ የማያውቀው የለም። ጊታርም ይሰካበታል አለ ባለሱቁ። አህያም ይጫንበታል ብል ደስ ባለኝ፤ ሰውየው ግን ትሑት ነበርና ዝም አልኩ።

ሚስቴ እሱንም ሞክረው አለች። ለእሷ ደስታ ብዬ ሰካሁ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ስህተቴን አይሸፍንም፣ እንዲያውም አጉልቶ ለሱቁ ያከፋፍለዋል። ይኸው አየሽ ልላት ስል ዝናቡ መጣ። የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ወደ ቡናማዋ ተመለስኩና ብመታ ብመታ፣ የምሰማው የጥፍሬን ድምፅ ብቻ ሆነ። ቁልፏን እስከ መጨረሻው ሳዞረው ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ባለጎማውን ግን ስነካው ዝናቡን ጥሶ ወጣ። በረንዳው ሥር ከዝናብ የተጠለሉት ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩኝ።

እኔ አሁንም ቡናማዋ ላይ ነበርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በሠርጉ ቀን ላይዘንብ ይችላል፣ ወሩ ደግሞ ደረቅ የሚባል ነው ብዬ በሙያዬ መከራከር ጀመርኩ። ሚስቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጊታሩን ተወውና ማይኩን ስጡኝ አለች። ባለሱቁ ሌላ ባለገመድ ማይክ ቡናማዋ ላይ ሰካላት፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላላት ጊታሬን ነቅለን ነው። ሚስቴ ሹክ ስትል ምንም የለም። ቁልፉን ከፍ ሲያደርገው ቡናማዋ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ስላወጣች፣ ሱቁ ደጃፍ እንቁላል የምትሸጠው ሴት ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች።

ከዚያ የባለጎማውን ማይክ አፏ ጋ አስጠግታ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ በባዶ ጆሮዬ በማልሰማው ትንፋሽ፣ አንድ ነገር አለች።

"ይህ ሰው ጊታር የሚችል ይመስለዋል።"

እስከ አስፋልቱ ማዶ ተሰማ። የተጠለለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር እጁን አውጥቶ አጨበጨበ። ባለሱቁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ድምፁስ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው አለ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ያም ሆኖ ቡናማዋን እንደያዝኩ ነበር፤ አልለቀቅኋትም። ሚስቴ ቀረብ አለችኝና፣ ማይኩን ወዲያ አርቃ፣ "የምንገዛው ለማን ነው?" አለችኝ።

ቡናማዋን መደርደሪያዋ ላይ መለስኩና ባለጎማውን እየጎተትኩ ወጣሁ። ከዚያ እስከ ቤት ሦስት የማውቃቸው ተማሪዎች አዩኝ፤ ሰኞ ክፍል ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አይጥ ተስሎ ጠበቀኝ።

የሠርጉ ሳምንት መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ያለው ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ወስጄ ለቻርጅ ተውኩት፤ ሰውየው ደግሞ ቻርጅ እያደረገ ቀኑን ሙሉ ደንበኞቹን ሲያስጨፍርበት ዋለ። ስወስደው ሞልቷል ወይ አልኩት፣ ሞልቷል አለ። እኔም አመንኩት፤ ወደ ጉድ የሚወስደኝን ሁሉ ማመን ልማዴ ነው።

ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ባለጎማውን ጭኔ መሀል አቅፌ ተቀመጥኩ። ጊታሬ ጣሪያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሙዚቀኛ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ዕቃ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዕቃውን ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለትኋን የሚሆን ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሙዚቀኛ ነኝ አልኳቸው። አዩኝ አዩኝና፣ እንጀራ ነው፣ የሥራ ነውር የለውም ብለው አጽናኑኝ። ሚስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ የምታለቅስ እንዳይመስላችሁ።

ከአስፋልቱ እስከ ጋሼ ቤት በቡናው መሀል የእግር መንገድ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። የባለጎማው ጎማ ለካ ለሱቅ ወለል ነው የተሠራው፤ ሁለት እርምጃ ተስቦ ተተከለ። ሊቀበሉን የመጡ ሁለት የጋሼ ጎረቤቶች አይተው ተማከሩና ቃሬዛ አመጡ። ዝናብ እንዳይመታው ጋቢ አለበስነውና በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ፤ እኔና ሚስቴ አንገታችንን ደፍተን ከኋላ ተከተልን። አንገታችንን የደፋነው እንዳንንሸራተት ነው። መታጠፊያው ላይ ያገኘችን አንዲት ሴትዮ ግን ጋቢውን አየች፣ ቃሬዛውን አየች፣ እኛን አየችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ወዮ ማለት ጀመረች። በሠርግ ዋዜማ ማን ሞተብን ብላ ከጓሮ ጎረቤት ልትጠራ ስትል፣ ጋቢውን ገልጠን መብራቱን አበራንላት። ቀይና አረንጓዴው ሲሽከረከር ባየች ጊዜ የባሰ ደነገጠች።

ጋሼ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። አቀፈኝና ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም፣ እሺ አልኩ። ዕቃውን ሳሳየው ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሞክረው አልኩት። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገ በሰው ፊት ነው የምሞክረው ለማለት ጣቱን ወደ ዳሱ ቀሰረ። አጎትየው ዳር ተቀምጠው በጎን እያዩ፣ ይህ ደግሞ ምን ሊለፍፍ ነው የመጣው አሉ። ካልተሰማ አንተ ቁመህ ትመርቃለህ፣ ተዘጋጅ ብለው እኔን አስጠነቀቁኝ። በዚያች ሌሊት ጊታርም ዋትም ከልቤ ወጣ፤ በቃ ይሰማ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ተኛሁ።

ቢሆንም ሲነጋ እኔው ነኝ። ዳሱ ከላይ ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ሰው ጢም ብሏል፤ ከበሮው አለ። ባለጎማውን ከሰዉ መሀል፣ ጋሼ ከሚቆምበት ራቅ አድርጌ ተከልኩት፤ ማይክ ሲቀርበው እንደሚያፏጭ ከሱቁ ተምሬያለሁ። እስከ ምርቃቱ ድረስ እንዳትነካው ብላ ሚስቴ ገና ስንነሳ አስምላኛለች። የሙሽራው ወገን ግን ዘገየ። መኪናቸው ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጭቃ ይዞታል ተባለ። ሰው መሰላቸት ጀመረ። ጋሼ ከፊት ለፊት ሆኖ አየኝና፣ ጣቱን በአየር ላይ እያርመሰመሰ፣ ተጫወት አለኝ።

የሠርጉ ባለቤት አዝዞኝ እንዴት እንቢ እላለሁ? ሚስቴን አላየኋትም፤ ማለቴ፣ እንዳላያት ዞርኩ። ሰካሁና ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ቀጥሎ ከበሮው ተከተለኝ። ከዚያማ ተነሡ፣ ሴቱ ወንዱ ተነሣ፣ ትከሻ ተመታ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እኔ በነካሁት ክር ሲጨፍር አየሁ። አንዱን ስጨርስ ድገም ይሉኛል፤ ድገም የሚለው ቃል በአርባ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሲባል እንዴት ላቁም? ከበሮ መቺው ኋላ ላይ እንደነገረኝ፣ ሰዉ የጨፈረው ከበሮውን ተከትሎ ነው፤ ጊታሩ እንኳ አልተሰማኝም አለ። ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም፣ አለማወቄም ደስ ይለኛል።

ሚስቴ ሰዉን ጥሳ መጥታ የጊታሬን ጃክ ከዕቃው ላይ መዥረጥ አድርጋ ነቀለች። በጣቷ የባለጎማውን ጎን አሳየችኝ። የባትሪው ምልክት ጠዋት አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ቀይ ሆኗል፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ያ የተረገመ የሚሽከረከር መብራት ደግሞ አይጠፋም፤ ማጥፊያው የቱ እንደሆነ መመሪያው ላይ የተጻፈው በቻይንኛ ነው። ጸጉር አስተካካዩን ረገምኩ፣ ጭቃውን ረገምኩ፣ ራሴን ለመርገም ጊዜ አልበቃኝም፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እልል ተብሎ ገባ።

ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ አጠር ያድርገው ብለህ ንገረው አለችኝ ሚስቴ። ማይኩን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ የስፌቱ ጠባሳ ይታያል። ማይኩን ከእጄ ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። ልጁን ለመመረቅ ስንት ወር የተዘጋጀ ሰው አጠር አድርገው ይባላል? አልቻልኩም። ትከሻውን ስሜው ተመለስኩ።

ልጅቱ ጉልበቱ ሥር ተንበረከከች። ጋሼ አንድ እጁን ራሷ ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ፈጣሪ ውለጂ ክበጂ ይበልሽ።"

ሹክሹክታው ዳሱን ሞላው። ዝናብ ላስቲኩ ላይ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር፤ እሱንም አልፎ፣ ኋላ ከቡናው ሥር የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ጋሼን በዚያ ድምፅ ሰምተነው አናውቅም፤ ሰው በአንድ አፍ አሜን አለ። እህል ውኃችሁን ይባርክ አለ፣ አሜን። ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ አለ፣ አሜን። አጎትየውን በጎን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ ነበር። ተሰማ አልኩ በልቤ፣ ተመስገን፣ ተሰማ።

ወዲያው ቀይና አረንጓዴው ጠፋ። ባለጎማው ዝም አለ።

ዝናቡም ያንን የጠበቀ ይመስል ጠነከረ። ጋሼ ግን ዓይኑን አልገለጠም። ዕቃው ከእሱ ሩቅ ነው፣ ዝናቡ ከራሱ በላይ ይወርዳል፤ መጥፋቱን በምን ይወቀው? ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ማይኩን አፉ ጋ አጥብቆ ይዟል፣ አንድም ቃል አይሰማም። ልነግረው ስነሣ ሚስቴ ኮቴን ከኋላ ያዘችኝ። ምርቃት አይቋረጥም። በእኛ ዘንድ በሚመርቅ አባት መሀል የሚገባ ሰው የለም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ጨርሶ ነው የሚነገረው።

ጋሼ ትንፋሽ ለመውሰድ አረፍ አለ። ዳሱ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ አንድ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ አሜን አለ። አጎትየው ናቸው። ያልተሰማ ምርቃት አሜን አይባልለትም ያሉት እሳቸው፣ ሁላችንንም ዞረው በቁጣ አዩን። ዳሱ በሙሉ አሜን አለ። ጋሼ ቀጠለ። ከንፈሩን እያየን፣ ባረፈ ቁጥር አሜን እንላለን፤ የሸኮውም፣ የከፋውም፣ ከሰሜን የመጣውም፣ ምን እንደተባለ ሳናውቅ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጮክ ብለን። ረጅም መረቀ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት፤ ልጅቱ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ጥላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየን። አሜን አልን።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ጋሼ ጠራኝ። ባለጎማውን እንደ ከብት ጀርባ መታ መታ አደረገው። ይህ ዕቃ ባይኖር ልጄን ሳልመርቅ ቀርቼ ነበር አለኝ። ከዚያ ፊቱ ጨነቅ አለውና፣ ጆሮዬን ወደ አፉ ስቦ፣ የመጨረሻዋንም ቃል ሰው ሁሉ ሰማት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ምን እንደሚፈልግ አላወቅሁም፤ ይሰማ ነው ወይስ አይሰማ? ፈራሁ። አፌ ላይ የመጣውን አልኩት።

"ከኋላ የቆሙት ሳይቀሩ ሰምተዋል፣ ጋሼ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ይስሙት" አለ። "የሚያውቁት ነገር ነው።"

ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ሰምቻለሁ ብዬ ዋሽቼ እንዴት እጠይቀዋለሁ? ወራት አለፉ። ባለጎማውን እዚያው ተውኩለት፤ የሶላር ቻርጅ አበጅቶለት ቡና ለቃሚዎቹን ይጠራበታል አሉ። እኔም ወደ በረንዳዬና ወደ ዝናቤ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ሙሽራዋ ለአዲሱ ቤቷ መጋረጃ ልትመርጥ አማን ሚስቴ ሱቅ መጣች። ጨርቁን እየዘረጉ ሳሉ ሚስቴ በዘዴ ጠየቀቻት፤ አባትሽ መጨረሻ ላይ ያለሽ ነገር ልቤን ነካኝ አለቻት፣ እንደሰማ ሰው። ልጅቱ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ቃል በቃል ነገረቻት።

"ልጄ፣ እኔ በጩኸት አሳደግሁሽ፤ ይቅር በይኝ። ቀስ ብሎ የሚያናግርሽ ቤት ይስጥሽ።"

ሚስቴ ይህን ራት ላይ ስትነግረኝ ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ዳሱ ውስጥ አሜን ያልኩት ሳልሰማ ነበር። እኔንም በጩኸት ያሳደገኝ እሱ ነው። እዚያው ገበታው ላይ፣ ሚስቴ እያየችኝ፣ ስለ ልጅቱም ስለ እኔም አሜን አልኩ።